የመርጌታ ጋቢ

ትናንት ልጄ የአባቷን ካፖርት ለነዳያን እንስጥ ብላ ከቁም ሳጥኑ ስታወጣው ከእጇ ነጠቅኋት።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ? አርባው እኮ ወጥቷል!» አለችኝ።

ካፖርቱን ታቅፌ በረንዳው ላይ ተቀመጥሁ።

በደርግ ጊዜ፣ ገና አዲስ ምሩቅ ጤና ረዳት ሳለሁ፣ ክረምቱ እንደገባ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ አንድ የጣና ዳር መንደር ላኩን። ትውከትና ተቅማጥ ሰዉን አጣድፎ ይገድል ነበር። በስሙ እንዳንጠራው ስለታዘዝን «የሆድ በሽታ» እያልን በረኪና ስንረጭ እንውላለን። መንገዱ ጭቃ፣ ምግባችን ቆሎ፣ እሱም በረኪና በረኪና ይላል። ዛሬም ያ ሽታ ሲመጣብኝ እህል አይወርድልኝም።

እማማ የሺ የሚባሉ ሴት ባለቤታቸው ሞቱባቸው፤ የደብሩ መርጌታ ነበሩ። አስከሬኑን ማጠብም ሆነ መገነዝ ክልክል ነው አልኋቸው። አላንገራገሩም። የመርጌታን ልብስ ልናቃጥል ስንሰበስብ ግን ጋቢውን ያዙ።

«ይኸን እንኳ ተይልኝ፣ ልጄ። በእጄ የፈተልሁት ነው።»

«አይሆንም እማማ! እርስዎንም ይጨርስዎታል» ብዬ ከእጃቸው መነጨቅሁት። ላምባ አርከፍክፌ ለኮስሁት።

በሽታው ቆመ። በመስቀል ሰሞን፣ አደዩ ፈንድቶ፣ መንደሩን ልናይ ተመለስን። ሰዉ ተከልክሎ የቆየውን የመርጌታን ለቅሶ ሊቀመጥ ተሰብስቧል። በአገራችን ሬሳ በሌለበት የሟቹ ልብስ ይነጠፋል፤ ሰው እሱን እያየ ያለቅሳል። የእማማ የሺ መደብ ግን ባዶ ነበር። ባዶውን ቦታ በመዳፋቸው ይደባብሳሉ፤ ዓይናቸው ደረቅ ነው። ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«ይርገሙኝ እማማ!»

«ኧረ ምን በወጣሽ! አንቺማ አትርፈሽናል» ብለው ቀና አደረጉኝ። «ማልቀሱ ነው እምቢ ያለኝ።»

ወይኔ! ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሌሊት ስባንን «ሥራሽን ነው የሠራሽ፤ ልክ ነበርሽ» ይለኝ ነበር። ልክስ ነበርሁ። ግን ያ መዳፍ አሁንም ይታየኛል፤ ያን ቀን ልክ በመሆኔ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ኋላ ልጄ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ካፖርቱ አሁንም የእሱን ትንባሆ ይሸታል። ፊቴን ቀበርሁበትና ስቅስቅ ብዬ አለቀስሁ። ለአባቷ መስሏት «አይዞሽ እማዬ» እያለች አባበለችኝ። ግማሹ ለእማማ የሺ ነበር።