የሐረጎው ማር

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ባለው አገር እንደኔ ያለ ሆድ አልተፈጠረም። ጠጠር ብታቀርቡልኝ በሚጥሚጣ አጣጥሜ እውጠዋለሁ፤ እንዲህ እያልኩ ነው እዚህ የደረስኩት። ዛሬ ጠዋት ግን ከጓዳ የተቆላ ተልባ ሸተተኝ። የተቆላው ለኔ ነው።

ያ ሽታ የአባቴ ነበር። አባቴ ደሴ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። ማለዳ ተልባውን ጠጥቶ፣ በአንድ እጁ ከደረቱ በታች ተጭኖ፣ የስፌት መኪናው ላይ ያጎነብሳል። እኔ ያኔ ገና ጢሜ ማቀምቀሙ ነው። ነርስ የነበረችው ጎረቤታችን ዘወትር ትለምነው ነበር።

«አባባ፣ ጨጓራ ውስጥ የምትደበቅ ባክቴሪያ አለች። ሰገራዎን ተመርምረው ከተገኘች በመድኃኒት ትጠፋለች። ዝም ካሏት ግን ለካንሰር ታጋልጣለች።»

«አንቺ ልጅ፣ በአላህ፣ የዚያን በሽታ ስም አትጥሪብኝ! ደግሞስ ተገኘችበት ብላችሁ ሳህኔን ልትለዩት ነው?»

እኛ ቤት ሁሉም የሚበላው ከአንድ ትሪ ነው፤ አባቴ ሳያጎርሰው የሚነሳ ልጅ አልነበረም። የሚፈራው ሞትን አልነበረም፤ ከትሪው መገለልን ነበር። ነርሷ «ታክመው አብረው ይበላሉ» ብትለው አላመናትም።

በስንት ልመና እሺ አለ። ደሴ ግን አይሆንም፤ የከተማው ግማሽ ሱሪ የሱ ስፌት ነው። ኮምቦልቻ የሚያውቀን የለም ብለን፣ ሰገራው ያለባትን ብልቃጥ በፌስታል ላይ ፌስታል ጠቅልለን ሚኒባስ ተሳፈርን። መስጊድ ከጎኑ የሚሰግደው ወዳጁ ከፊታችን ተቀምጦ አገኘነው!

«ምንድን ነው እንዲህ እንደ ጨቅላ የታቀፍከው?»

አባቴን ላብ አጠመቀው። «ማር» አለ። ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ማሻ አላህ! የየት አገር?»

«የ... የቢስቲማ።»

«አንተ ስስታም፣ እስቲ ፍታውና አቅምሰኝ!»

ሰውየው እጁን ሲዘረጋ አባቴ «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ። ጩኸቱ ሐርቡ ድረስ ተሰምቷል። ሐረጎ ቁልቁለት መታጠፊያው ላይ ወርዶ ፌስታሉን ገደል ወረወረው። እኔ በሳቅ ፈረስኩ። እሱም ሳቀ፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጉሙ ከሥር እየወጣ፣ እርጥብ ባሕር ዛፍ እየሸተተን ዳገቱን በእግራችን ተመለስን።

«በቃ፣ አላህ አላለውም» አለኝ።

ዳግመኛ አልሄደም። በኋላ ሆስፒታል ስንወስደው ምግብ አልወርድ ብሎት ነበር። ሐኪሙ «ቆይታችኋል» አለን። የመጨረሻ ሰሞን ትሪውን አልጋው አጠገብ እናቀርባለን። እሱ አይቀምስም፤ ያጎርሰናል። እጁ ከመቅለሉ የተነሳ ጉርሻው ብቻውን አፋችን የሚደርስ ይመስል ነበር።

ይኸው ዘንድሮ እኔንም ከደረቴ በታች ያቃጥለኝ ጀመር። ሚስቴ ከጤና ጣቢያ ብልቃጥ አምጥታ እጄ ላይ አኖረች። ትናንት ምሳ ላይ ልጄ «አባዬ፣ ተመረመርክ?» አለችኝ።

«እንዴታ! መሣሪያው ሆዴን አይቶ ከመቀመጫው ተነሳልኝ» አልኳት። እየሳቀች ከእጄ ጎረሰች።

ዋሽቼ ነው። ብልቃጧ ባዶዋን ኮቴ ኪስ ውስጥ ናት። ፈርቻለሁ።