ቀዩን መብራት ያጠፋሁ ቀን

ባለፈው እሁድ ከሰዓት... ጌጃ ሰፈር፣ ጋሽ ታደሰ ሳሎን ውስጥ ካሜራ ደቅኜ ተቀምጫለሁ። ካሜራው የኔ አይደለም። ፊልም የሚሠራ ጀለሴ ለጥቂት ቀን ያዋሰኝ ትልቅ የሲኒማ ካሜራ ነው። እኔ በበኩሌ ከሠርግና ከልደት ካሜራ ሌላ ነክቼ አላውቅም።

ጋሽ ታደሰ የድሮ ጎረቤቴ የቤዛ አባት ናቸው። ጉሮሯቸው ላይ ዕጢ ወጥቶ በማግስቱ ሰኞ ኦፕራሲዮን ሊሆኑ ነው። ሐኪሞቹ «ይድናሉ፣ ድምፃቸው ግን አይመለስም» ብለዋቸዋል። ቤዛ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ታገባለች። «አባዬ ሲመርቀኝ አሁን ቅረጽልኝ፣ ሠርጌ ቀን ይሰማ» አለችኝ።

ለዚህ እኮ ስልክ ይበቃ ነበር። እኔ ግን ተንቀባረርኩ። «ለአባትሽማ በስልክ አይሆንም» አልኳት።

ልደታ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ ሁለት ቀን ሙሉ ከካሜራው ጋር ስታገል ከረምኩ። ሜኑ ስከፍት ሌላ ሜኑ... እሱን ስከፍት ደግሞ ሌላ። ቤዛ «አባዬ ካሜራ ላይ ቀይ መብራት ካየ ይደርቃል» ስላለችኝ፣ እየቀረጸ መሆኑን የሚያሳየውን መብራት ማጥፊያ ፈልጌ አገኘሁ። ስክሪኑን የሞሉትን ቁጥሮችና ምልክቶች የሚደብቅ ቁልፍም አገኘሁ። ምስሉ ብቻ ጥርት ብሎ ቀረ። የኮራሁት ኩራት...

እንግዲህ እሁድ፣ አንድ እጄ ካሜራው ላይ ሆኖ ሌንሱን ሳስተካክል ጋሼ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው ገቡ። ሽማግሌ ሲገባ ቁጭ ብሎ መቀበል አልለመደብኝም። ካሜራውን እንደጨበጥኩ «ኖር» ብዬ ብድግ አልኩ።

«በእግዜር፣ ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ።

ማይኩን ደረታቸው ላይ ስሰካላቸው ቤዛ ከጓዳ «አባዬ» ብላ ተጣራች።

«ወዬ።»

«ካልሲ አድርገሃል?»

«አድርጌያለሁ። አንቺ ይልቅ በሩን ዝጊው፣ ብርድ ይመታሻል።»

መጥታ ፊታቸው ተንበረከከች። ስልኳን ልትደቅን ስትል «ኧረ አስቀምጪው፣ ሥራዬን ታበላሺብኛለሽ» አልኳት። አስቀመጠችው። ቁልፉን ተጫንኩ... ጋሼ እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው መረቁ። ሲጨርሱ ቁልፉን መልሼ ተጫንኩ። ቤዛ እንባዋን እየጠረገች ውሃ ልታመጣ ወጣች።

ይሄኔ ጋሼ ወደኔ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ እሷ ፊት ደፋር ነኝ። ግን ፈርቻለሁ። ሞቱን አይደለም። ከሥራ ስትመጣ በር ላይ ሆና 'አባዬ' ትለኛለች... ከእንግዲህ 'ወዬ' የምላት በምኔ ነው? አደራ፣ እንዳትነግርብኝ።»

«እግዜር ያውቃል ጋሼ» ብቻ አልኩ።

ቤዛ ተመልሳ መጣች። «አንዴ ይድገሙልን» ብዬ ቁልፉን ተጫንኩ። የሁለተኛው ምርቃት ከመጀመሪያውም በለጠ። ሟች እናቷን አነሱ፣ የተወለደችበትን ቀን አነሱ፣ እኔም አሜን እያልኩ አለቀስኩ። ሲያበቁ ተጫንኩ።

«ወጥቷል?» አለችኝ።

«ሲኒማ ነው የወጣው።»

መልሼ ማየት ነበረብኝ። ጋሼ ደክመዋል ብዬ ተውኩት ልበል? እውነቱን ልናገር... የተቀረጸውን መልሶ ማጫወቻው የት እንደሆነ ጠፍቶኝ ነበር። ቤዛ ፊት ቁልፍ ስፈልግ መታየት አልፈለግኩም።

ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ሦስት ፋይል አለ። የመጀመሪያው በኔው ድምፅ ይጀምራል... «ኖር»። ካሜራውን እንደጨበጥኩ ስነሳ ጣቴ መቅረጫውን ተጭኖታል። ከዚያ በኋላ ልጀምር ስል አቆምኩ፣ ላቆም ስል ጀመርኩ። ቀይ መብራት ቢኖር አየው ነበር። ስክሪኑ ላይ ምልክት ቢኖር አየው ነበር። ሁለቱንም ራሴ ነኝ ያጠፋሁት።

የመጀመሪያው ፋይል ጋሼ ለምርቃት አፋቸውን ሲከፍቱ ይቋረጣል። ሁለተኛው «ፈርቻለሁ» ያሉት ነው። ሦስተኛው እኔ እያፏጨሁ ገመድ ስጠቀልል። ምርቃቱ የለም።

ለቤዛ ደወልኩላት። «አሁን ገባ፣ ጸልይለት» አለችኝ። ምንም ሳልነግራት ዘጋሁት።

ሐሙስ ሆስፒታል ሄድኩ። ጋሼ አንገታቸው ላይ ቱቦ ገብቶ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው ተቀምጠዋል። ሁለቱም ባሉበት ነገርኳቸው።

ቤዛ አልጮኸችም። «ስልኬን አውጥቼ ነበር እኮ... አንተ ነህ አስቀምጪው ያልከኝ» አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ጋሼ ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው «ምርቃቱ ሳይሆን ለኔ ያጫወቱኝ ነው የተቀረጸው። ካሉኝ አጠፋዋለሁ» አልኳቸው። ቤዛን አዩዋት፣ ኮርኒሱን አዩ። ከዚያ ደብተሩ ላይ አንድ ቃል ጻፉ። «ስጣት።»

ይዤው የመጣሁትን ኮምፒውተር ሰጠኋት፣ እዚያው በጆሮ ማዳመጫ ሰማችው። እጃቸውን ይዛ አለቀሰች፣ እሳቸውም አለቀሱ። እኔ መስኮቱ ጋ ሄጄ ፊቴን አዞርኩ። ሲበርድላት የመጀመሪያውን ፋይል ከፈተች። አጫወተችው። ወደኋላ መለሰችው። እንደገና... እንደገና።

«ይህቺን ብቻ ቆርጠህ ስልኬ ላይ አድርግልኝ» አለችኝ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ።

አንድ ሰከንድ አትሞላም። «ወዬ» የሚሉባት ናት።

ይቅር አላለችኝም፣ እኔም ይቅር በይኝ ለማለት አፍ አላገኘሁም። ካሜራውን ግን ለጀለሴ መልሻለሁ... ቀዩን መብራት አብርቼ።