ተሻለሽ ወይ?

ሀሴትን ሰፈራችን የሚያውቃት በሕመሟ ነው። እኔ አብሮ አደጓ ነኝ፤ ከጉንፋን ሌላ ምን ነክቷት እንደሚያውቅ አላስታውስም። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ በማን እንደተናደድኩ ግን ለይቼ መናገር አልችልም።

ሀሴት ሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ ባለ አንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ የዕቃ ሰነድ ታዘጋጃለች። ጠዋት ከአዳማ በሰርቪስ ትሄዳለች፤ ማታ ዓይኗ ቀልቶ ትመለሳለች። ከዚህ ሌላ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ የጀመረችውን ልቦለድ መጨረስ። የሚያስቅ የፍቅር ታሪክ ነው። አንድ የባጃጅ ሹፌርና አንዲት የሆቴል እንግዳ ተቀባይ በማይረባ ነገር ይኳረፋሉ፤ ሰው የነገራቸውን ሁሉ ያምናሉ፤ መጨረሻ ላይ ግን አንዱ እውነቱን ተናግሮ ሊጋቡ ነው። እኔ አግብቼ ባቱ ስለምኖር ምዕራፍ በጨረሰች ቁጥር በቴሌግራም ትልክልኝ ነበር። ሥራ ቦታ ብቻዬን ስስቅ ያበድኩ መስሏቸው ያውቃል።

ጊዜ ግን ከየት ይምጣ? ያላት ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው፤ እሱንም ሰፈሩ ወስዶታል። እኛ ሰፈር ቅዳሜ ቀብር ባይኖር እሁድ ሰልስት አይጠፋም። እሱ ሲያልቅ አራስ ጥየቃ፣ ከዚያ ለሰው ሰርግ ሽንኩርት መላጥ። ሌላው ሌላው በይቅርታ ይታለፍ ይሆናል፤ «ልቦለድ ልጽፍ ነው» ብሎ ከለቅሶ መቅረት ግን የማይታሰብ ነው። ከለቅሶ የሚያስቀር ምክንያት መታመም ብቻ ነው።

መላውን ያመጡት እናቷ እትዬ ሸዋወርቅ ናቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ልጃቸው ስታነብላቸው ግን አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው በሳቅ ይንፈራፈሩ ነበር። «አንቺ ቁጭ ብለሽ ጻፊ። ለቅሶውን እኔ እደርስልሻለሁ» አሏት።

ከዚያ በኋላ በየድንኳኑ ብቻቸውን ሄዱ። «ልጅቱስ?» ሲባሉ «አሟት ተኝታለች» ይላሉ። ምን እንደሚያማት አይናገሩም፤ ውሸት ስላልለመዱ ከዚያ በላይ አይሄድላቸውም። የቀረውን ሰፈሩ ሞላላቸው። አንዷ ልብ ነው አለች፤ ሌላዋ የሚጥል ነው አለች። ጠበል የጠቆመችም ነበረች።

ሀሴት ይህን ሁሉ አታውቅም። በሯን ዘግታ ትጽፋለች። በሕይወቷ ደስ ያላት ጊዜ ቢኖር ያ ነው፤ በመጽሐፉ ብቻም አልነበረም። ሰርቪሱ ላይ ወዬሳ የሚባል ልጅ ቦታ ይይዝላት ነበር። የአርሲ ነገሌ ልጅ ነው፤ ወደቡ ላይ ኮንቴይነር ሲጫንና ሲራገፍ ይቆጣጠራል። «አካም ቡልቴ?» ብሎ ይቀበላታል፤ እሷ በተሰባበረ ኦሮምኛዋ ትመልሳለች፤ እሱ እስከ ሞጆ ይስቃል። አንድ ቀን «ቤተሰቦቼ ወደ እናንተ ሰፈር ብቅ ሊሉ ነው» አላት። ምን ማለት እንደሆነ ገብቷታል። በዚያ ሳምንት የላከችልኝን ምዕራፍ ያህል ያሳቀኝ የለም።

ሽማግሌ ግን አልመጣም። ወዬሳም ቦታ መያዙን ተወ፤ ከሹፌሩ ጎን መቀመጥ ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ሥራ ቀየረና ሞጆን ለቀቀ። ምነው ብላ አልጠየቀችውም፤ ጠይቂው ብላትም ኩራቷ አልፈቀደላትም። መጽሐፉም የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ቆመ።

ባለፈው ዓመት እትዬ ሸዋወርቅ በድንገት አረፉ። እኔም ከባቱ መጣሁ። ድንኳኑ ሰው አልበቃውም፤ እሳቸው ያልደረሱት ለቅሶ የለማ። ሀሴት ብድግ ባለች ቁጥር ሴቶቹ እየተሻሙ ያስቀምጧታል።

«አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ፣ ይነሳብሻል።»

«ምኑ?» ስትል እርስ በርስ ይተያያሉ። በመጨረሻ ጎረቤታችን እትዬ ሎሚ ሊያጽናኗት ብለው ሁሉንም ዘረገፉት።

«እናትሽ በአንቺ ሕመም ስትቃጠል እንደኖረች እኛ እናውቃለን፣ ልጄ። ያኔ ከአርሲ ነገሌ መጥተው ስለ አንቺ ሲያጠያይቁን እንኳ፣ ጠባይዋ ወርቅ ነው፣ ግን ጤና የላትም፣ ለቅሶም አትወጣ አልናቸው። የሰው ልጅ እንዴት እናታልል? ነገ በራሳችን ይመጣል።»

ክፋት የለባቸውም። የሚያናድደኝም እሱ ነው። ሀሴት ማልቀሷን አቆመች፤ እጄን ያዘች።

ከሰዓት በኋላ የሞጆ ባልደረቦቿ መጡ። ወዬሳም ሰምቶ አብሯቸው መጥቶ ነበር፤ ጣቱ ላይ የጋብቻ ቀለበት አለ። ጎንበስ ብሎ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት። ቀጥሎ በሐዘኔታ አያት።

«አንቺስ? ተሻለሽ ወይ?»

በእሷ መጽሐፍ ውስጥ ቢሆን እውነቱ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ጎኗ ተቀምጬ ተናገሪ፣ ተናገሪ እላለሁ በሆዴ። በዙሪያችን ያሉት ሴቶች ያዳምጣሉ። አሞኝ አያውቅም ብትል እናቷ ገና አፈራቸው ሳይደርቅ በየለቅሶው ሲዋሹ የኖሩ ሴት ሊባሉ ነው።

«ተሻለኝ» አለችው። «እግዚአብሔር ይመስገን።»

አሁን የሚደርስላት ሰው ስለሌለ ለቅሶውን ራሷ ትደርሳለች። ቅዳሜም እሁድም ከድንኳን አትጠፋም። መጽሐፉ የት ደረሰ ስላት ጊዜ የለኝም ትለኛለች። ሰፈሩ ግን ደስ ብሎታል። «እናቷ እዚያ ሆና ለምናላት ነው» ይላሉ፤ «ይኸው ዳነች።»