የዊንቹ ገመድና የሙና በረንዳ

ትናንት ጠዋት እዚሁ ሮቤ አንድ ሰፈር ላፈርስ ነበር... ወላሂ ሳላውቅ ነው።

ከተመረቅኩ ወዲህ ሥራ ፍለጋ ስባዝን ከርሜ፣ እንግዶችን ወደ ሳነቴና ወደ ሐረና ጫካ የሚያመላልሱ ጋሽ ታምራት የሚባሉ ሰው ለሙከራ ወሰዱኝ። መካኒካል ኢንጂነር ነኝ። እሳቸው ግን ዲግሪዬን አየት አድርገው «ይሄ ጥሩ ነው፤ እስቲ ደሞ እጅሽን እንየው» ነው ያሉኝ።

የመጀመሪያ ሥራዬ የላንድክሩዘሯ የዊንች ገመድ ሆነ። ዊንች ማለት መኪናዋ አፍንጫ ላይ የተገጠመው መጎተቻ ነው፤ ጭቃ ውስጥ ስትገባ ገመዱን ዛፍ ላይ ሲያስሩላት ራሷን በራሷ ታወጣለች። የኛ ገመድ ሽቦ አይደለም፤ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ሰው ሠራሽ ክር ነው። ቀላል ነው፣ ጠንካራ ነው፤ ግን አሸዋ መሐሉ ከገባ ከውስጥ እየበላ ይጨርሰዋል። ከሶፍ ዑመር ሲመለሱ ደግሞ ጎሮ መንገድ ላይ ስንዴ የጫነ አይሱዙ ጎትተውበት፣ ጭቃ ጠጥቶ ነበር የመጣው።

«እጠቢው። ከዛ ዘርግተሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅሽ ዳብሺው። የደረቀ፣ የቀለጠ፣ ክሩ የተበጠሰ ካለ ምልክት አድርጊበት። ከሰዓት መጥቼ አያለሁ» ብለውኝ ወደ ጎባ ሄዱ።

አጠብኩት። ግቢው ግን ለመዘርጋት አልበቃኝም። እናም ወደ ውጭ አወጣሁትና በመንገዱ ዳር፣ በአጥሮቹ ጥግ ይዤው ሄድኩ። ሁለቱን ጫፎች ራቅ ራቅ ካሉ ባሕር ዛፎች ጋር አስሬ ወጠርኩት። በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው! ባጃጅ እንዳይገጨኝ ብዬ መኪናዋ ውስጥ ያገኘሁትን አንጸባራቂ ሰደርያ ለበስኩ። ቀይ ናስትሮ ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ፣ መዳበስ ጀመርኩ። አዲስ ስለሆንኩ ሰፈሩ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው የለም።

ሐጂ አማን የሚባሉ ጎረቤት ከበራቸው ብቅ አሉ። እኔን አዩ። ገመዱን አዩ። በዓይናቸው ተከትለውት እስከ ባሕር ዛፉ ደረሱ። ተመልሰው ገቡና... ወንበር ይዘውልኝ መጡ።

«አካም ቡልቴ ልጄ? ቁጭ ብለሽ ሥሪ እንጂ።»

«ነጋ፣ ሐጂ! ገለቶማ!» ብዬ አመሰገንኳቸው።

እንዴት ያለ ደግ ሰፈር ነው እያልኩ ቀጠልኩ። አጠገባቸው፣ ስሟ በሩ ላይ የተጻፈበት የሙና ሱቅ አለ። ሙና ስኳርና ዘይት የምትቸረችር፣ ከኔ ጥቂት የምትበልጥ ሴት ናት። የሱቋ የቆርቆሮ በረንዳ ወደ መንገዱ ወጣ ያለ ስለሆነ፣ ገመዱ ያለፈው በበረንዳዋ ሥር ነው። እዚያው ላይ የቀለጠ ቦታ አገኘሁና ቀይ ናስትሮ ጠቀለልኩበት። ሙና ስታየኝ ቆይታ ወጣች።

«እህቴ፣ ማነው የላከሽ?»

«አለቃዬ ናቸው።»

«ቀዩስ ምንድን ነው?»

«ችግር ያለበትን ማሳያ ነው። ከሰዓት እሳቸው አይተው ይወስናሉ።»

ፊቷ ልውጥ አለ። «ሱቁንም ነው?»

ሱቁን?... ገመዱ እቃዋን እንዳያበላሽባት የፈራች መሰለኝ። «ኧረ ሱቁን አይነካም!» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ» ብላ ገባች።

ምን አልሐምዱሊላህ ያሰኛል?

ትንሽ ቆይቶ ከበላዬ ኳ... ኳ... ቀና ስል፣ ሙና የለስላሳ ሳጥን ላይ ቆማ የበረንዳዋን ሚስማር ትነቅላለች። ዞር ስል፣ ሐጂ አማን የአጥራቸውን እንጨት ይነቅላሉ። ከሳቸው ወዲያ ያለው ሰውዬ ደጁ ላይ የከመረውን ድንጋይ ወደ ውስጥ ያግዛል። ሁሉም ይሠራል፣ ማንም ትንፍሽ አይልም። የሰፈር ጽዳት ቀን ነው ብዬ አሰብኩ። ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ልረዳቸው ሄድኩ!

«ሙና፣ ቆይ ላግዝሽ» ብዬ የቆርቆሮውን ጫፍ ያዝኩላት።

ከላይ ሆና አየችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ደሞ ታግዢኛለሽ? ዝናብ ሲመጣ ገበያተኛ የሚቆምልኝ እዚህ ሥር ነው። ይሁን... በረንዳውን በገዛ እጄ ካነሳሁ፣ ሱቁን ትተዉልኛላችሁ ብዬ ነው።»

«እነማን ነን እኛ?»

«መንገድ የምታሰፉት ናችኋ!»

ቆርቆሮውን እንደያዝኩ ክው አልኩ። ገመዱን አየሁት። ቀዩን ናስትሮ አየሁት። የለበስኩትን ሰደርያ አየሁት።

«ሙና... ይሄ እኮ የመኪና ገመድ ነው። አጥቤው ነው።»

ሐጂ አማን እንጨታቸውን እንደታቀፉ መጡ፣ ጎንበስ ብለው ገመዱን አሸተቱት።

«ሳሙና ሳሙና ይላል» አሉ።

ከዚያ ያመጡልኝ ወንበር ላይ ራሳቸው ቁጭ ብለው፣ ኮፍያቸው እስኪወድቅ ሳቁ። እኔ ግን ተናደድኩ። «ሐጂ፣ ምናለ አንዴ እንኳን ብትጠይቁኝ?»

ሳቃቸውን አቆሙ። «ልጄ፣ ጠይቀን እናውቃለን እንዴ?»

ጋሽ ታምራት ሲመጡ ሳጥን ላይ ቆሜ፣ መዶሻ ይዤ፣ በረንዳ ስሠራ አገኙኝ። «ኢንጂነር! ገመዱስ?» አሉ። የጠቀለልኩባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ዳበሱ፤ የቀለጠው ላይ ቆም ብለው በጥፍራቸው ቧጨሩት። «ይሄ ተቆርጦ እንደገና ይጎነጎናል። ደህና አይተሻል። ነገ ሳነቴ አብረሽን ትወጫለሽ።» በደስታ ከሳጥኑ ልወድቅ ነበር።

የመጨረሻዎቹን ሚስማሮች በሙሉ ኃይሌ ስመታ ግን ሙና እጄን ያዘችኝ።

«እስከ ታች አታስገቢው።»

«እንዴ! የሮቤን ንፋስ እያወቅሽው? ይወስደዋል እኮ!»

«ድንጋይ እጭንበታለሁ። ብቻ በቀላሉ እንዲነቀል አድርጊው... ዛሬ ገመዱ የመኪና ነው።»

እኔም እንዳለችው ሁሉንም ግማሽ ግማሽ መታኋቸው።

ገመዱ የት የት ጋ እንደተጎዳ ዓይኔን ጨፍኜ እነግራችኋለሁ... የሙናን በረንዳ ሠርቼላት ይሁን አፍርሼባት ግን እስካሁን አልገባኝም።