ክረምት የሌለው ቤት

ልጅ ሳለሁ፣ በአገሩ ሁሉ ልቡ ውስጥ በር ያለው ሰው እኔ ብቻ እንደሆንኩ አምን ነበር። ይህን እምነት የሰጠኝ ፍኖተ ሰላም ያለ አንድ ወጣት ሐኪም ነው፤ «የዚች ልጅ የልቧ በር በደንብ አይገጥምም» ብሎ ለአባቴ ሲናገር በጆሮዬ ሰማሁ። ስለ ሌላ ሰው በር ምንም አላለም። ስለዚህ ሌላው ሰው በር የለውም ማለት ነው። ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ በዚያ ዕድሜ ከዚህ የተሻለ ማሰብ የቻለ ሰው ካለ ይንገረኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንደሩ ውስጥ የምሄደው ቀስ ብዬ፣ ደረቴን በእጄ ደገፍ አድርጌ ሆነ፤ የቀበሌ ማኅተም የያዘ ሰው እንደሚሄደው።

መንደራችን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው አስፋልት ወርዶ አንድ ሰዓት በእግር ያስኬዳል። በሕክምና ዕውቀት ግን ከማንም አያንስም ነበር። ጉሮሮዬን ያመመኝ ጊዜ ሐኪም ሳያየኝ በፊት ሦስት አዋቂዎች አይተውኛል፤ ሦስቱም «እንጥሏ ወርዶ ነው» አሉ፤ እንጥሌም ተቆረጠ። ጉሮሮዬ በራሱ ጊዜ ሲሻለው ምስጋናውን እንጥል ቆራጯ ወሰደች። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ጉልበቴ አበጠ፤ ሕመሙ ከጉልበቴ ወደ ቁርጭምጭሚቴ፣ ከዚያም ወደ እጄ አንጓ እየዞረ ያሰቃየኝ ጀመር፤ ዳገት ስወጣም ትንፋሽ አጠረኝ። ያኔ አዋቂዎቹ ሁሉ ሥራ በዛባቸው። ፍኖተ ሰላም የወሰዱኝ አባቴና አያቴ ናቸው።

አያቴ፣ የእናቴ አባት አያ ቢያድግልኝ፣ የውሃ አባት ነበሩ። የውሃ አባት ማለት በበጋ ከወንዝ የተጠለፈው ውሃ በቦይ ወደ ሽንኩርቱና ወደ በርበሬው ማሳ ሲወርድ ማን መቼ እንደሚያጠጣ የሚወስን፣ ቦዩን በጓልና በድንጋይ የሚዘጋና የሚከፍት፣ በውሃ የተጣላውን የሚዳኝ ሰው ነው። ገበሬው ራሱ መርጦ ይሾመዋል፤ ከሾመው በኋላ ደግሞ ራሱ ያማዋል።

ሐኪሙ በወረቀት ላይ አራት ክፍል ያለው ነገር ስሎ ያስረዳል፤ አባቴ ራሱን ይነቀንቃል። አባቴ ራሱን የሚነቀንቀው ነገሩ ሳይገባው ሲቀር ነው። ይህን የሚያውቁት አያቴ ጣልቃ ገቡ።

«ዶክተር፣ አንዴ ይታገሡኝ። ውሃው ከየት ገብቶ ወዴት ነው የሚወጣው?»

«ውሃ አይደለም አባቴ፣ ደም ነው።»

«ይሁን፣ የፈለገውን ይሁን። ከየት ገብቶ ወዴት ይወጣል?»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አንሥቶ ከመጀመሪያው ጀመረ። ከየክፍሉ መውጫ ላይ በር እንዳለ፣ በሩም ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ እንደማያሳልፍ፣ የእኔ አንዱ በር ግን ከዚያ ከጉሮሮው ሕመም ተነሥቶ ስለተጎዳ ደሙን ወደ ኋላ እንደሚያፈሰው ነገራቸው። ወደ ኋላ የፈሰሰው በሳንባ በኩል ይጠራቀማል፤ የሚያፍናትም ለዚህ ነው አለ። አያቴ ጭናቸውን በእጃቸው መቱ።

«ታዲያ እንዲህ አይሉንም ነበር!»

መድኃኒቱ በየአራት ሳምንቱ የሚወጋ መርፌ ነበር። የተበላሸውን በር አይጠግነውም፤ ሕመሙ ተመልሶ መጥቶ ጨርሶ እንዳያፈርሰው ይጠብቀዋል፤ ለብዙ ዓመትም ሳይቋረጥ ይወሰዳል ተባልን። ስንወጣ አያቴ ለአባቴ እንዲህ አሉት፦ «ይህ ልጅ ጎበዝ ነው። መስኖ አጠጥቶ ባያውቅም ነገሩን ደርሶበታል።»

መርፌው ወፍራም ነበር፤ ውስጡ ያለው ነጭ ፈሳሽ ደግሞ እንደ አጥሚት የወፈረ፣ ሲገባም የማይቸኩል። ስለዚህ ነገ መርፌ ነው በተባለ ቁጥር ከዋዜማው ጀምሬ አለቅስ ነበር፤ አያቴም ራት ሳይቀርብ ይመጡና ምድጃው አጠገብ ይቀመጣሉ። ያኔ ቤታችን በኩራዝ ነበር የሚበራው፤ የኩራዙ ጭስ ወደ ጣራው ሲወጣ፣ የባሕር ዛፉ ፍም ደግሞ አመድ እየለበሰ መልሶ ሲቀላ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ሙላት የአያቴን ጋቢ ጫፍ ተከናንበን አፋቸውን እንጠብቃለን። እሳቸው «ተረት ተረት» አይሉም ነበር። «የታየ ነገር ልንገራችሁ» ነበር የሚሉት።

«አንድ ተሸካሚ አለ። ሥራው ትንፋሽ ማደል ነው። ከራስ ጠጉር ሥር እስከ እግር ጣት ድረስ በየቤቱ እየዞረ ያድላል። አድሎ አድሎ ስልቻው ሲራቆት ፊቱ ይጠቁራል፤ ያኔ ወደ ባለ አራት ክፍሉ ቤት ይመለሳል። የሚገባው በቀኝ ባለው በላይኛው ክፍል ነው። ገብቶ ትንሽ ቆም ይላል፤ ‹ተቀመጥ› የሚለው ግን የለም። በሩ ሲከፈት ወደ ታችኛው ክፍል ይወርዳል፤ በሩም ከኋላው ግጥም ይላል። ታችኛው ክፍል ግድግዳውን ጭብጥ አድርጎ ወደ ሳንባ ይሰደዋል። ሳንባ ነፋሻ አምባ ነው። እዚያ ስልቻውን ይሞላል፤ ፊቱም ይቀላል።»

«ከዚያስ?» ይላል ሙላት፣ ከመቶ ጊዜ በላይ ሰምቶት።

«ከዚያማ ተመልሶ ይመጣል፤ አሁን ግን በግራ በኩል ባለው በላይኛው ክፍል ነው የሚገባው። ከቀኙ ወደ ግራው በአቋራጭ መግባት የለም፤ መካከላቸው ላይ ግድግዳ አለ፤ በውርስ እንደተጣሉ ወንድማማቾች ቤት። ከላይኛው ግራ ወደ ታችኛው ግራ የሚያወርደው በር እንግዲህ የትርንጎ በር ነው።»

እዚህ ላይ ሁሉም ወደ እኔ ይዞራል፤ እኔም አለቃቀሴን ትቼ ቀና እላለሁ።

«ታችኛው ግራ ከሁሉም ወፍራም ግድግዳ ያለው ነው፤ ምክንያቱም ተሸካሚውን እስከ እግር ጣት የሚሰደው እሱ ነው። ሲገፋ በሩ ካልገጠመ፣ የሄደው ሄዶ የቀረው ወደ መጣበት ይመለሳል።»

«ዕቃ ረስቶ ቢሆንስ?»

«ረስቶም ቢሆን በዚያ በር አይመለስም። ዞሮ ነው የሚመጣው።»

«ስንት ቀን ይፈጅበታል?»

«ቀን? አንተ አፍንጫህን እስክትጠርግ ዞሮ ተመልሷል።»

«ኧረ አባዬ፣ ቅዠት ያመጡባታል እኮ!» ትላለች እናቴ ከጓዳ። እሷም ግን ሥራዋን አቁማ ነበር የምትሰማው።

በአንዱ ምሽት ላይ ይህ በር ለሁሉም ሰው እንዳለው፣ ለሙላትም ጭምር፣ አያቴ ሳይጠነቀቁ ተናገሩ። ያን ቀን ከሹመቴ ወረድኩ። የእኔ ልዩነት በር መኖሩ ሳይሆን መበላሸቱ መሆኑን መቀበል ለአንዲት የተከበረች ልጅ ቀላል አልነበረም።

ዓመት አለፈ። ጉልበቴ ዳነ፣ ዳገቱንም እንደ ልቤ መውጣት ጀመርኩ። ሰኔ ግም ሲል ወንዙ ሞላ፤ ቦዩ እንዲሁ ተለቀቀ፤ የውሃ አባቱም ዝናቡ እስኪያባራ ከሥራቸው አረፉ። መርፌው በሚቀጥለው ቀን ነበር። ያኔ በፍሙ አጠገብ ከአያቴ ጎን ተቀምጬ፣ በዘመኔ ያሰብኩትን ትልቁን ሐሳብ አሰብኩ።

«አባባ፣ ክረምት ሲገባ ቦዩን ማን ይጠብቀዋል?»

«ማንም አይጠብቀው። ውሃው ሞልቶ የለ? ምን ይጠበቃል?»

«ታዲያ የእኔን በር በክረምት ለምን ይጠብቁታል?»

 ቀድሞ የተናገረው አባቴ ነበር፤ ራሱን ሳይነቀንቅ፣ የገባው ሰው ሆኖ። «እውነቷን ነው እኮ!» አለ። ጭቃው ጉልበት ይደርሳል፤ ጅረቱ አያሻግርም፤ የጤፍ እርሻውም አልተገባደደም። እሳት ልትጫር የመጣችው ጎረቤታችን እትዬ የሺ ደግሞ ከበሩ ሳትርቅ ፍርዷን ሰጠች፦ «ላልታመመ ሰው መርፌ ምን ይሉታል? እንደ ጥጃ ስትዘል የምትውል ልጅ!»

ሁሉም አያቴን አየ። እሳቸው በእንጨት ፍሙን ጫር ጫር አደረጉ። ነገሩ የእሳቸው ነበር፤ ቦዩም፣ በሩም፣ ተሸካሚውም። የገዛ ንግግራቸው አፋቸውን ያዘው።

«እስቲ እስከ መስቀል ትረፍ» አሉ።

ጉልበታቸውን ሳምኩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ ከዚህ በተሻለ መንገድ የተወሰነ ነገር ማየቴን እጠራጠራለሁ። የእኛ ቢያንስ እሳት ነበረው።

ሐምሌንና ነሐሴን እንደ እመቤት ኖርኩ። በጳጉሜ ጉሮሮዬን አመመኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም፤ መርፌውን እንዳላስታውሳቸው ብዬ። እኩዮቼ አደይ አበባ ሲለቅሙ ጉልበቴ እንደገና አበጠ። ከዚያ ተጋድሜ መተንፈስ አቃተኝ፤ እናቴ ደረት ላይ ተደግፌ፣ ተቀምጬ ነበር አየር የምስበው። በማግስቱ ጧት በቃሬዛ አወጡኝ። ስምንት ሰው እየተፈራረቀ በጭቃው ውስጥ ሲሸከመኝ፣ አያቴ ከፊት ሆነው የጅረቱን ጥልቀት በዱላቸው እየለኩ «በዚህ፣ በዚህ በኩል» ይሉ ነበር። ዞረው አላዩኝም። አንድም ጊዜ።

ያው ሐኪም ነበር። ደረቴን አዳመጠና ቀና አለ።

«የመጨረሻውን መርፌ መቼ ነው የወሰደችው?»

«ክረምት ከገባ ወዲህ አልወሰደችም» አለ አባቴ፣ ወለሉን እያየ።

«ማን ነው ያስቆማት?»

አያቴ «ልጂቱ ራሷ ጠየቀች» ቢሉ ውሸት አልነበረም። «ጎረቤት መከረን፣ መንገዱ ጠፋ» ቢሉም ውሸት አልነበረም። ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እኔ ነኝ፣ ዶክተር። በክረምት የማያስፈልጋት መስሎኝ።»

«አባቴ» አለ ሐኪሙ፤ ተቆጥቶ አልነበረም፣ ደክሞት እንጂ። «ልብ ክረምት የለውም።»

ብዙ ቀን ተኛሁ፤ ተረፍኩም። ወደ ቤት በተመለስኩ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ደጃችን ላይ ሰው ቆሟል ተባለ። አያቴ ነበሩ፤ ትከሻቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል። በእኛ አገር የበደለ ሰው በተበደለው ሰው ደጅ እንዲህ ይቆማል፤ «ይቅር ብያለሁ» ካልተባለም ድንጋዩን አያወርድም። የሰው ተራ ሰርቀው ያጠጡትን ስንቱን አያቴ ራሳቸው ድንጋይ አሸክመዋል። ለልጅ የተሸከመ ሽማግሌ ግን ታይቶ አይታወቅም።

«አባዬ! ምን ነካዎት? ልጅ ናት እኮ!» ብላ እናቴ ጮኸች።

«ልጅነቷን መች አጣሁት? የተበደለችው እሷ ናት።»

አባቴ ድንጋዩን ሊቀበላቸው ሮጠ።

«ተው አንተ፤ አንተን አልበደልኩም።»

ግድግዳውን ተደግፌ እስከ በሩ ወጣሁ። ድንጋዩ ትንሽ አልነበረም፤ ለልጅ ነው ተብሎ አልተቀነሰም። አንገታቸው ሥር ላቡ ይወርድ ነበር። ያኔ ጥበቤ ሁሉ ጠፋኝ።

«አባባ፣ እኔ ነኝ እኮ የጠየቅሁት።»

«የጠየቅሽውስ አንቺ ነሽ። መልስ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«ይቅር ብዬዎታለሁ» አልኩ። ድንጋዩን ቀስ ብለው አወረዱ፤ ከዚያ ደጁ ላይ ተቀምጠው ውሃ ጠየቁ።

የዚያን ዕለት ምሽት ተሸካሚውን እንደገና አዞሩት። ጠቁሮ ገባ፣ ወረደ፣ ነፋሻው አምባ ወጣ፣ ቀልቶ ተመለሰ። ከእኔ በር ሲደርሱ ቆሙና፣ «እዚህ ላይ እኔ ተሳስቻለሁ። ይህ ቤት ክረምት የለውም፤ ጠባቂውም አያርፍም» አሉ። ከዚያ በኋላ ይህ የነገሩ አንድ ክፍል ሆኖ ቀረ፤ በነገሩን ቁጥር ሳይዘሉት ይሉታል። ብዙ ተናጋሪ ሰምቻለሁ፤ በመድረክም በሬዲዮም። በገዛ ንግግሩ መካከል እንዲህ የሚል ሌላ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም፤ ምናልባት ሌሎቹ አይሳሳቱ ይሆናል።

በየአራት ሳምንቱ፣ በሐምሌው ጭቃ ጭምር፣ ይዘውኝ ሄዱ። ካደግሁና ቡሬ ሥራ ከያዝኩ በኋላ አንዲት ሐኪም ልቤን በመሣሪያ ደጋግማ አየችና፣ በሩ ጥቂት ማፍሰሱን ባይተውም ለዓመታት ባለበት ጸንቷል፣ ከእንግዲህ መርፌው ይብቃሽ አለችኝ። የምሥራቹን ይዤ አያቴ ዘንድ ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሞ ነበር።

«ማን ነው ይብቃ ያለው?»

«ሐኪሟ ናት አባባ።»

«እኔ ከአፏ ልስማ።»

ብነግራቸው፣ ብምል፣ አልሆነም። ባጃጅ እስከ ደጃቸው አስመጥቼ ይዣቸው ሄድኩ። ሐኪሟን ያንኑ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ጠየቋት፤ ሦስት ጊዜ መለሰችላቸው። ፊታቸውን አይታ መሆን አለበት፣ ማዳመጫውን ከአንገቷ አውልቃ በጆሯቸው አደረገችላቸው፤ ሌላውን ጫፍ እኔ ደረት ላይ አሳረፈችው።

ያን ሁሉ ዓመት ስለዚያ ቤት ሲናገሩ በሮቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ በጆሯቸው ሰምተው አያውቁም ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ፣ አዳመጡ። ከውጭ የተሰለፈው ሰው ያጉረመርማል፤ ነርሷ በሩን ገፋ አድርጋ አየችን።

«ሰሙት አባቴ?» አለች ሐኪሟ።

እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟት።

«እየሄደ ነው» አሉ።

አያቴ ካረፉ ቆይተዋል። ለመርፌውም፣ ለሐኪሞቹም፣ ቃሬዛውን ለያዙት ስምንት ሰዎችም ምስጋናዬ ብዙ ነው። እኔ ሞኝ ሆኜ ግን፣ በዝምታ ተቀምጬ ደረቴን ባዳመጥኩ ቁጥር ቀድመው የሚመጡብኝ አያቴ ናቸው፤ ከገዛ ቃላቸውና ከእኔ አንዱን መምረጥ ሲኖርባቸው «ተሳስቻለሁ» ብለው እኔን የመረጡት አዛውንት።