ጊታሩን ገልብጣ የያዘችው ልጅ

ቡራዩ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ጊታር ማስተማር የጀመርኩት ቅዳሜ ጠዋት ባዶ በሚሆን መማሪያ ክፍል ውስጥ ነው። ጊታሮቹ ከልጆቹ ስለሚያንሱ አንዱ ሲመታ ጎረቤቱ በጭብጨባ ይቆጥርለታል። እኔ "አንድ፣ ሁለት" ስል ግማሹ ክፍል በኦሮምኛ "ቶኮ፣ ለመ" ይላል። ምቱ እስካልተዛባ ድረስ በየትኛውም ቢቆጥሩ ግድ አልነበረኝም።

ከመካከላቸው አንዲት ዝምተኛ ልጅ ነበረች። አባቷ አስፋልቱ ዳር የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ አላቸው። ጊታር በሰጠኋት ቁጥር አንገቱን ወደ ቀኝ አድርጋ ትይዘዋለች። ሄጄ አዞርላታለሁ። ወደ ሌሎቹ ዞር ስል መልሳ ትገለብጠዋለች።

"ለምንድን ነው የምትገለብጪው?" አልኳት አንድ ቀን።

"ቲቸር፣ እርስዎ እንዳሉኝ ስይዘው እጄ ግራ ይገባዋል።"

ኮርድ የምንለውን የድምፆች ጥምር ስም ሰሌዳ ላይ እንድትጽፍ ጠመኔ ስሰጣት በግራዋ ተቀበለችኝ። ነገሩ ያኔ ገባኝ። አንዱን ጊታር ቤቴ ወስጄ ክሮቹን ፈታሁና የላዩን ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ አደረግኩ። ወፍራሙ ክር በቀጭኑ ክር ማረፊያ አልገባ ሲለኝ ቦታውን በጥፍር ሞረድ አሰፋሁለት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰጠኋት። አንዴ መታችውና ቀና ብላ አየችኝ።

"ይኼ የኔ ነው?"

"ያንቺ ነው።"

ከዚያ ወዲያ የሚደርስባት ጠፋ።

ብዙም ሳይቆይ አባቷ መጡና በሩ ላይ ቆሙ። "አከም ቡልተን" ብለው ሰላም ካሉኝ በኋላ በእጃቸው ወደ ውጭ ጠሩኝ።

"መምህር፣ ልጄን በግራዋ እያስተማርካት ነው አሉ።"

"አዎ ጋሼ፣ የሚቀናት በግራዋ ነው።"

"ቢስሚላህ ብላ በቀኟ እንድትበላ ያስለመድናት በስንት ልፋት መሰለህ። አንተ ደግሞ መልሰህ ልታበላሽብን?"

ቢቸግረኝ ወደ ውስጥ ጋበዝኳቸውና ልጃቸው ፊት ለፊት አስቀመጥኳቸው። አቀርቅራ መጫወት ጀመረች።

"ግራዋ ክሩን ይመታል እንጂ ሌላ ሥራ የለውም" አልኳቸው። "ቀኟን ይዩት፤ ኮርዱን የሚፈልገውም የሚጫነውም እሱ ነው።"

ጎንበስ ብለው ጣቶቿን በዓይናቸው ተከተሉ።

"እንግዲያው ከባዱን ሥራ የያዘው ቀኙ ነዋ።"

"ልክ ነው።"

"ከሆነስ ትቀጥል። የምግቡን ጉዳይ ግን ለኔ ተወው።"

ልጅቷ ቀና ሳትል ፈገግ አለች።

የወላጆች ቀን ሲደርስ የጊታሯ ራስ ከጓደኛዋ ጊታር ጋር እየተጋጨ ስላስቸገረን በስተቀኝ ዳር አስቀመጥናት። አባቷ ከፊት ወንበር ይዘው፣ እሷ ስትጫወት አጠገባቸው ያለውን ሰውዬ በክርናቸው ጎሸም እያደረጉ "ቀኟን እይ፣ ቀኟን" ይሉታል። ድምፃቸው እኔ ጋ ድረስ ይሰማ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ወንዶች ልጆች ጊታራቸውን ገልብጠው ይዘው ጠበቁኝ።

"እኛም ግራኝ ነን፣ ቲቸር።"

"ይሁና" ብዬ ተውኳቸው። እስከ እረፍት ሰዓት ድረስ ላባቸው እስኪንጠባጠብ ታገሉት። ከእረፍት ሲመለሱ ሁለቱም እንደ ሌላው ልጅ ይዘው ተቀምጠዋል፤ እኔም እንዳላየ ሆኜ ትምህርቱን ቀጠልኩ።