የቸርኬው ደወልና የቦርከና ቢራቢሮዎች

ልጅ እያለሁ፣ ከቦርከና ወንዝ እስከ ቀይ ባሕር እንደኔ ቢራቢሮ ለይቶ የሚያውቅ ፍጡር አልነበረም። ይህን ለዘይነብ ሺህ ጊዜ ነግሬያታለሁ። ዘይነብ ሳባህ አል-ሳሌም በሚባል የዓረብ አገር ሰፈር እኔ በሾፌርነት በምሠራበት ቤት ምግብ የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። ብርዱ ገፋ ሲል አሠሪያችን ማዳም ቤተሰቡን ይዛ በረሃ ድንኳን ታስተክላለች፤ እኛም አብረን እንወጣለን። ዘንድሮ ከውሃ በርሜሉ ሥር አሸዋው ርሶ፣ ቢራቢሮ እንደ ሰርገኛ ሰፍሮበት አገኘን።

«በል ጋሽ ሰኢድ፣ አዋቂው! ስንት ዓይነት ናቸው?» አለችኝ።

«ሁለት። ብርቱካናማና ግራጫ» አልኩ፣ ከመኪናው ሳልወርድ።

የእርጥቡ አሸዋ ሽታ ግን ኮምቦልቻ ወስዶ ጣለኝ። አራተኛ ክፍል ሳለን የሳይንስ አስተማሪያችን ወንዝ ዳር አወጡንና፣ ጭቃው ላይ የተሰበሰቡትን ቢራቢሮዎች በየዓይነታቸው ለይቶ የቆጠረ ተማሪ ሳምንቱን ሙሉ ደወል እንደሚደውል ነገሩን። ደወላችን ዋርካው ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር። እሱን በብረት መምታት ለኔ ከመንገሥ አያንስም።

ችግሩ፣ እናታችን «የቢራቢሮ ዱቄት ዓይን ያጠፋል» ትል ነበር። ስለዚህ አሥር እርምጃ ርቄ፣ ዓይኔን በመዳፌ ሸፍኜ በጣቶቼ መሃል አጮለቅሁ። አብራኝ የምትማረው እህቴ ሉባባ ግን ጭቃው ላይ በሆዷ ተኝታ ስታያቸው ቆየችና እየሮጠች መጣች።

«ግራጫዋና ብርቱካናማዋ አንድ ናቸው! ክንፏን ስትገጥም ነው ግራጫ የምትመስለው። በጠቅላላው አራት ዓይነት ናቸው» አለችኝ በሹክሹክታ፣ ደስታዋን ልታካፍለኝ።

እኔ እጄን አወጣሁ። «አራት!» አልኩ፤ ምክንያቱንም በሷው ቃል አስረዳሁ። አስተማሪው አጨበጨቡልኝ።

«ቆይ፣ ለእማ ባልነግርብህ!» አለች ሉባባ። አልነገረችም። ሳምንቱን ሙሉ ቸርኬውን ስቀጠቅጥ፣ እሷ በኔ ደወል እየተሰለፈች ክፍል ገባች።

«ኧረ ጋሽ ሰኢድ!» አለች ዘይነብ፣ አሸዋው ላይ ቁጢጥ ብላ። «አንድ ዓይነት ናቸው እኮ! ክንፏን ስትገጥም ነው ግራጫ የምትሆነው።»

ያኔ ድፍን ትምህርት ቤት በኔ ደወል ይሰለፍ ነበር፤ ዛሬ ማዳም ስልኬን ስታስጮኸው የምሰለፈው እኔ ነኝ። ሉባባ አጠገቤ ብትሆን ከዘይነብ ጋር ቁጢጥ ብላ በሳቀችብኝ። መልሷን ሰረቅኋት እንጂ አልተማርኩትም። ቢራቢሮዎቹ ብር ብለው ሲነሡ የመኪናውን መስኮት አራቱንም ዘጋሁ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ቢራቢሮ እፈራለሁ።